«እሳት ያየ ነገር» እና «መረዙን»፦ ሁለቱም አያዋጡንም

ዛሬ የምጽፈው ረዘም ይላል። ቡና የምታፈሉ አፍልታችሁ፣ ወረፋ ላይ ያላችሁም ወረፋችሁን ሳትለቁ አንብቡት። ማንበብ ለማይችሉ እናቶቻችን ደግሞ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው። ነገሩ ከማንም በላይ የእነሱን እጅ የሚመለከት ነው።

ጉዳዩ የሻገተ እህል ነው። ሰሞኑን ዝናቡ በድንገት ወርዶ ታራች ከሞላ ወዲህ እዚህ ካኩማ እርጥበት የነካው በቆሎና ማሽላ በየቤቱ አለ። ጆንያው ከሥሩ አመድማ ሆኗል፤ ሲከፈት የታፈነ ሽታ ይወጣዋል። በአንዳንድ ሱቅ ደግሞ ያው እህል ተፈጭቶ በቅናሽ ይሸጣል። ራሽን ከተቀነሰ ወዲህ የሚጣል ነገር የለንም። ድሮ ለፍየል ይሰጥ የነበረው ዛሬ ድስት እየገባ ነው።

ስለዚህ እህል ሁለት ዓይነት ንግግር እሰማለሁ። አንዱ ከወፍጮ ቤት ደጃፍ ነው፦ «ኧረ ምን ይሆናል! እሳት ያየ ነገር ሰው አይጎዳም።» ሌላው ከስልካችን የሚመጣ ነው፦ «ሆን ብለው ነው። ሊጨርሱን ፈልገው ነው። መረዙን!»

የእኔን አቋም በግልጽ ላስቀምጥ። ሁለቱም ንግግሮች ስህተት ናቸው። ከስህተትነታቸው የባሰው ግን አንድ ዓይነት ጉዳት ማድረሳቸው ነው። የመጀመሪያው «ምንም የለም» ብሎ ያስተኛናል። ሁለተኛው «ምንም ማድረግ አይቻልም» ብሎ ያስተኛናል። በሁለቱም ሰው ተነስቶ «ይህ እህል ከየት መጣ? ደርቆ ነበር ወይ? ተመርምሯል ወይ? የተበላሸውን ማን ይቀይርልናል?» ብሎ አይጠይቅም። እኔ ደግሞ የሚያድነን ይህ ጥያቄ ነው እላለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሻጋታው። ክፍል ውስጥ የማስተምረውን ነው የምነግራችሁ። አስፐርጊለስ ፍላቨስ የሚባል ፈንገስ አለ። አፈር ውስጥ ይኖራል፣ ነፋስ ይዞት ይዞራል። በቆሎ፣ ለውዝ፣ ማሽላ፣ በርበሬ ላይ ይወጣል። ማሳ ላይ እያለ ድርቅ ያዳከመውን ሰብል ይይዛል፤ ከዚያ እህሉ በደንብ ሳይደርቅ ጎተራ ወይም ጆንያ ሲገባ፣ ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲያገኝ ይራባል። ሲራባ የሚተወው መርዝ ነው አፍላቶክሲን የሚባለው። ስሙም ከፈንገሱ ስም ተቆርጦ የተሠራ ነው። ዓለም ነገሩን ያወቀው እ.ኤ.አ በ1960 ነው። እንግሊዝ አገር ውስጥ ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች ከመቶ ሺህ በላይ አለቁ። ምክንያቱ ሲፈለግ ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ሲበሉ እንደነበር ተገኘ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሻጋታውና መርዙ ሁለት ነገር ናቸው። ሻጋታው በዓይን ይታያል። መርዙ አይታይም፣ አይሸትም፣ ጣዕምም የለውም። ሻጋታውን ጠርገን መርዙ እህሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል። መጠኑም የሚያስደንቅ ነው። ኬንያ ውስጥ ለሰው ምግብ የሚሸጥ በቆሎ ከ10 ፒፒቢ በላይ አፍላቶክሲን ሊኖርበት አይፈቀድም። ይህ በአንድ ኪሎ እህል 10 ማይክሮግራም ማለት ነው። በ50 ኪሎ ጆንያ ስናሰላው ግማሽ ሚሊግራም ይመጣል። ክብደቱ ከአስር የገበታ ጨው ቅንጣት አይበልጥም። ጆንያ ሙሉ እህል ውስጥ የተበተነ ይህችን ታህል ነገር ነው ሕግ ጠንቀቅ የሚልባት።

ደግሞ መርዙ ጆንያው ውስጥ እኩል አይሰራጭም። አንዲት የተጎዳች ፍሬ ብዙ ትይዛለች፣ አጠገቧ ያለችው ንጹሕ ትሆናለች። ስለዚህ ከአንድ መኪና የወረደ እህል ተካፍለው አንዱ ጎረቤት ሲታመም ሌላው ደህና ቢሆን «ውሸት ነው» ለማለት አትቸኩሉ። ይህንን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ መፍትሔውም ከዚህ ይመጣል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ንግግር። «እሳት ያየ ነገር» የሚለው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ለውሃ እውነት ነው፣ ለወተት እውነት ነው፣ ለሥጋ እውነት ነው። እሳት ተህዋስያንን ይገድላል። አፍላቶክሲን ግን ሕይወት ስለሌለው አይሞትም። እንዲፈርስ ከ200 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ገንፎም ሆነ ንፍሮ ወይም ኡጋሊ ከዚያ አያልፍም። ምጣዱ ቢግልም እንጀራው ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ውስጡ ከ100 ብዙም አይዘልም። ማቡካት፣ መቁላት ትንሽ ሊቀንሰው ይችላል፤ አያጠፋውም። ሻጋታውን ይገድለዋል፣ መርዙን ይተወዋል።

ይህ የመጽሐፍ ወሬ እንዳይመስላችሁ። እዚሁ ኬንያ፣ እ.ኤ.አ በ2004፣ በምሥራቁ ክፍል በማኩዌኒና በኪቱይ አካባቢ ሰዎች ዓይናቸው ቢጫ እየሆነ፣ ሆዳቸው እየተነፋ ሆስፒታል ይገቡ ጀመር። እኛ አገር «የወፍ በሽታ» የምንለው ዓይነት ነበር። 317 ሰዎች ታመሙ፣ 125 ሞቱ። የበሉት ከየማሳቸው ያገቡትንና ከገበያ የገዙትን በቆሎ ነው፤ ቤት ውስጥ እርጥብ ሆኖ የተከማቸ በቆሎ። ሁሉም አብስለው ነው የበሉት። እሳት ያየ ነበር።

በዚያው ዓመት ከአካባቢው ገበያዎች የተወሰዱ 350 የበቆሎ ናሙናዎች ሲመረመሩ ከግማሽ በላዩ፣ 55 በመቶው፣ በጊዜው ከነበረው የ20 ፒፒቢ ገደብ በላይ ሆነ። 7 በመቶው ደግሞ ከ1000 በላይ ነበር። የተበላሸው በቆሎ አንድ ሰው ጎተራ ውስጥ አልቀረም ማለት ነው። ገበያ ወጥቶ ከደህናው ጋር ተቀላቅሏል። እ.ኤ.አ በ2016 ታንዛኒያ ውስጥ በዶዶማና በማንያራ ተመሳሳይ ነገር ደርሶ 68 ሰዎች ታመው 20 ሞተዋል።

እንዲህ በአንድ ጊዜ የሚገድለው ብዙ መርዝ ሲበላ ነው። አብዛኞቻችንን የሚያሰጋው ግን ቀስ ብሎ የሚሄደው ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት፣ ዓመታት ሙሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አፍላቶክሲንን ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ መድቦታል። የሚያጠቃው ጉበትን ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ኃይሉ እስከ 30 እጥፍ ይጨምራል። ቫይረሱ በእኛ አካባቢ ምን ያህል እንደተለመደ የምታውቁት ነው። ስንቶቻችን ነን አንድ ዘመድ «ጉበቱን አሞት» ብለን የቀበርን? በልጆች ላይም ከቁመትና ከክብደት መቀንጨር ጋር ተያይዞ በብዙ ጥናት ታይቷል፤ ድርሻው ምን ያህል እንደሆነ ሳይንቲስቶች አሁንም ይከራከራሉ። ልጅ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ማደጉን አያቆምም።

ስለዚህ «ሰባት ዓመት በላሁት፣ ምን ሆንኩ?» የሚለው ክርክር አይሠራም። ሲጋራ የሚያጨስም እንዲሁ ይላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ንግግር። ይኼኛው ከባድ ነው፤ ከቁስላችን ነው የሚመጣው። አገር ጥሎ የመጣ፣ ስንት በደል ያየ ሰው «ሊጎዱኝ ነው» ብሎ ቢጠረጥር አልፈርድበትም። ጥርጣሬውንም የሚያጠናክር ነገር ሆኗል። እ.ኤ.አ በ2019 ከእኛ ከቱርካና ጎረቤት፣ ኡጋንዳ ውስጥ በካራሞጃ፣ ለእናቶችና ለሕፃናት የታደለ ሱፐር ሲሪያል የበሉ 300 ያህል ሰዎች ታመው 5 ሞተዋል። ይህን የሚጠቅሱ ቪዲዮዎች አሁንም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራሉ። የቪዲዮዎቹ ችግር ታሪኩን ግማሽ መንገድ ላይ ማቆማቸው ነው።

ቀሪው ይህ ነው። ሰዎች ታመው ሪፖርት ሲደረግ እደላው ቆመ። ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ተላከ። የተገኘው የአስተናግር መርዝ ነው። አዎ፣ ያ እኛም አገር በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅለው፣ ልጆች «አትንኩት» የሚባሉት ተክል። ማሳ ውስጥ ከሰብል ጋር አብሮ በቅሎ፣ አብሮ ታጭዶ፣ ፍሬው ሳይለቀም አብሮ ተፈጭቶ። ማንም ሌሊት ተነስቶ አልጨመረውም። ከዚያ በኋላ የዓለም የምግብና የጤና ባለሙያዎች ተሰብስበው ስለ መጠኑ መከሩ። ይህ ሁሉ የሆነው የታመሙት ስለታዩና ስለተነገረላቸው፣ የበሉትም ስለተመረመረ ነው። «መረዙን» ብሎ ቤት መቀመጥ አንድም ናሙና ላቦራቶሪ አያስገባም።

ደግሞ ሻጋታ የፈረንጅ ሴራ ቢሆን ኖሮ እኛን አገራችን ድረስ ተከትሎን አይኖርም ነበር። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ወሎ ውስጥ ሰዎች ጣታቸውና እግራቸው እየጠቆረ፣ እየበሰበሰ ሲቆረጥ የተገኘው ምክንያት ከገብስ ጋር የተቀላቀለ ሲናር ነበር። በሲናሩ ዘለላ ላይ ጥቁር ፈንገስ ወጥቶበት። ያ ፈንገስ ሌላ ነው፣ መርዙም ሌላ ነው፤ መንገዱ ግን አንድ ነው፦ ረሃብ ሲመጣ ሳይለቀም የተበላ እህል። የባቢሌን ለውዝ የምትወዱም እወቁት፤ አፍላቶክሲን እዚያም ተገኝቷል። ሐረርጌ ውስጥ ማሽላ በጉድጓድ ሲቀበር እርጥበት እየገባበት እንደሚሻግት ያደገበት ሰው ሁሉ ያውቃል። እ.ኤ.አ በ2016 በታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና አካባቢዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉም ላይ የአፍላቶክሲን ዝርያ ተገኝቷል፤ ከአስሩ ዘጠኙ ከአውሮፓ ኅብረት ገደብ በላይ ነበሩ። ላሞቹ የኑግ ፋጉሎ ይበሉ ነበር፤ ከፋጉሎው ወደ ወተቱ ተሻገረ። ላሞቹን ማን መረዘ ልንል ነው? እርጥበት፣ ሙቀት፣ የማከማቻ ጉድለት፣ የቁጥጥር ጉድለት።

ይህ የወተቱ ነገር «እኛ አንበላውም፣ ለፍየሏ እንስጣት» ለምትሉም መልስ ነው። ፍየሏ በልታ የምታጠቡት ልጅ ወተቷን ይጠጣል። «ለጠላ ይሆናል» የሚለውም አያስኬድም። መርዙ ከብቅሉ ጋር ጋኑ ውስጥ ገብቶ ከፊሉ ከጠላው ጋር ይወጣል፣ ከፊሉ አተላው ውስጥ ይቀራል፤ አተላውም ተመልሶ ለከብት ነው።

የወሬው ጉዳት በዓይኔ ያየሁት ነው። በእኛ ብሎክ አንዲት እናት ቪዲዮ አይታ ደንግጣ የወሩን እህል በሙሉ ደፋች። እህሉ ውስጥ የተበላሸው ከሥር ያለው ሁለት ሦስት ጣሳ ነበር። ከዚያ ልጆቿ የበሉት ከጎረቤት በተለመነ ነው። ቪዲዮውን የላከላት ዘመድ ከባሕር ማዶ ሆኖ «ተጠንቀቁ» ማለቱ ነበር። ፍቅር ነው፤ ግን ምሳ አልላከም።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ላይ ደረስን። ብዙዎቻችሁ እዚህ ጽሑፍ ሥር የምትጽፉትን ከወዲሁ አውቀዋለሁ፦ «አንተ መምህር፣ ረሃብ ዛሬ ይገድላል፣ ሻጋታህ ከሃያ ዓመት በኋላ። የቱን እንፍራ?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለተራበ ሰው «ጣል» የሚል ሰው የሚበላ ነገር በእጁ ይዞ መምጣት አለበት። ስለዚህ ጣሉ አልላችሁም።

የምለው ልቀሙ ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ይጠቅመናል። መርዙ እኩል ስለማይሰራጭ፣ አብዛኛው ያለው በጥቂት የተጎዱ ፍሬዎች ላይ ነው። የጠቆረ፣ አረንጓዴ ወይም አመድማ ዱቄት ያለበት፣ የተሰነጠቀ፣ ነቀዝ የበሳው፣ የጨነቆረ ፍሬ። እነዚህን ብቻ ለቅሞ ማውጣት የመርዙን ትልቅ ድርሻ እንደሚያወጣ ጥናቶች አሳይተዋል። ከአስር ጣሳ አንዱን ወይም አንድ ተኩሉን አጥተን ዘጠኙን ወይም ስምንት ተኩሉን እናተርፋለን። ይህን ደግሞ ከውጭ የመጣ ባለሙያ ሊያስተምረን አያስፈልግም። እናቶቻችን ሰፌድ ይዘው ሲያበጥሩ፣ ሲለቅሙ፣ ሲነፉ የኖሩት ነው። እዚህ መጥተን ነው «ራሽን ነው፣ ምን ይለቀማል» ብለን የተውነው።

ከለቀማ በኋላ ውሃ ውስጥ ጨምሩት፤ የሚንሳፈፈውን አውጡ። ቀላል የሆነው ውስጡ ስለተበላ ነው። ከቻላችሁ በቆሎውን ፈትጉት። ሻጋታው በብዛት ከላይኛው ሽፋንና ከእንቡጡ አካባቢ ስለሚሆን ፍትግ በቆሎ ከድፍኑ ይሻላል። ካምባዎች ሙቶኮይ እያሉ የሚበሉት ይህንኑ ነው። ካጠባችሁ ግን ሳታደርቁ አታስቀምጡ፤ ያን ቀን የምትፈጩትን ወይም የምትቀቅሉትን ብቻ እጠቡ።

እህሉ ደርቋል ወይስ አልደረቀም የሚለውን በጨው ማወቅ ይቻላል። ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ውሰዱ፣ እስከ ሲሶው እህል፣ በላዩ ጥቂት በፀሐይ የደረቀ ጨው ጨምሩ፣ ዝጉና ደህና አድርጋችሁ ነቅንቁት። ሩብ ሰዓት ተዉት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ካልተጣበቀ ማስቀመጥ ይቻላል። ተማሪዎቼ ይህን ለየቤታቸው ሠርተው አሳይተዋል፤ ወጪው አንድ ባዶ ጠርሙስ ነው።

እህል ስታሰጡ መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ላይ ይሁን። የቱርካና ፀሐይ እንኳን እህል እኛንም ታደርቃለች፤ በነጻ ናት፣ እንጠቀምባት። ጆንያውን አፈር ላይ አታስቀምጡት፤ ድንጋይ ላይ ጣውላ፣ ከግድግዳውም ራቅ አድርጋችሁ። እንጀራም ለድርቆሽ የምትፈልጉት ከሆነ ሳይሻግት አድርቁት፤ የሻገተውን ጠርጎ ማድረቅ ዋጋ የለውም። ልጆቻችሁ የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት መውሰዳቸውን ካርዳቸውን አውጥታችሁ እዩ። ያላጠናቀቀ ካለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የልጁን ጉበት በሁለት በኩል ከመጠቃት ታተርፉታላችሁ።

ግን ሁሉን ሸክም ሰፌድ በያዘችው እናት ላይ ጥዬ ብሄድ ይህ ጽሑፍ ግማሽ ይሆናል። አንዲት ሴት ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ፈልጋ፣ ልጅ አዝላ፣ በዚያ ላይ ሰዓታት ለቅማ የምታወጣው መርዝ፣ መጀመሪያውኑ መግባት ያልነበረበት ነው። እንዴት እንደሚገባም እንወቅ።

ኬንያ እ.ኤ.አ በመጋቢት 2021 ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ የሚመጣ በቆሎ አፍላቶክሲን በዝቶበታል ብላ አገደች። ከቀናት በኋላ በቅድመ ሁኔታ ፈቀደች፦ አፍላቶክሲኑ ከ10 ፒፒቢ እንደማይበልጥ በወረቀት እንዲረጋገጥ። ጥሩ ነው። ግን እኔ ሁሌ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። ፈተና የወደቀ በቆሎ የት ይሄዳል? ይቃጠላል? አንዳንዱ ይቃጠላል። ሌላው ግን ዋጋው ይወርድና ማንም የማይመረምርበት ገበያ ይፈልጋል። ውሃ ወደ ቆላ እንደሚወርድ የተበላሸ እህልም ወደ ድሃው ይወርዳል። ናይሮቢ ያለ ትልቅ ወፍጮ መመርመሪያ አለው፣ አይቀበለውም። ከኪታሌ በሎድዋር አድርጎ በአቧራና በሙቀት እስከ እኛ ድረስ የሚመጣውን፣ ሱቅ ውስጥ ወራት የሚቆየውን ማን ይመረምረዋል? እኛ ካልጠየቅን ማንም።

«በነጻ ለተሰጠን ምን አፍ አለን?» የምትሉ አላችሁ። በመጀመሪያ፣ ሁሉም በነጻ አይደለም፤ ከሱቅ የምንገዛውም አለ። ሁለተኛ፣ ሕጉ «ከ10 በላይ ለሰው ምግብ አይሆንም» ሲል «ስደተኛ ካልሆነ» የሚል ቃል አልጨመረበትም። ጉበታችን መታወቂያ አይጠይቅም። አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ፤ እኛ ደጃዝማችነት አልጠየቅንም፣ ደረቅ በቆሎ ነው።

ስለዚህ በኮሚኒቲ ስብሰባ ላይ እነዚህን አራት ነገሮች አንድ ሆነን እንድንጠይቅ ሐሳብ አቀርባለሁ፦

1. እህል በሚታደልበት ጊዜ የእርጥበቱና የአፍላቶክሲኑ ምርመራ ውጤት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በየቋንቋችን ይለጠፍ። ምርመራው ካለ ማሳየት አይከብድም። ከሌለም የሌለ መሆኑን እንወቅ።

2. የሻገተ እህል የደረሰው ሰው በዚያው ቀን፣ ወረፋውን ሳያጣ፣ ማንም ሳይቆጣው የሚቀየርበት ሥርዓት ይኑር።

3. በየወፍጮ ቤቱ አንድ የእርጥበት መለኪያ ይቀመጥ። እርጥብ እህል ወፍጮ ውስጥ ባይገባ ለድንጋዩም ይሻላል።

4. ሱቆች እህል ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ያስቀምጡ፤ ይህን የማያደርግ ሱቅ ከኮሚኒቲው ይነገረው።

አራተኛው የራሳችንን ሰዎች የሚመለከት ነው፣ አውቃለሁ። ዱቄት ምሥጢር ይደብቃል። የሻገተውን ከደህናው ጋር ቀላቅሎ ፈጭቶ መሸጥ እዚህ አለ። የሚያደርጉትም ነጭ ለባሽ ባለሥልጣናት አይደሉም፣ አብረናቸው ቡና የምንጠጣ ወንድሞቻችን ናቸው። «መረዙን» የሚለውን ቃል ከባሕር ማዶ ለሚመጣ እርዳታ ብቻ አናስቀምጥ። ወንድሜ ነጋዴ፣ ኪሳራህ ይገባኛል፤ ጆንያ ሙሉ እህል መጣል ቀላል አይደለም። ግን የአንተን ኪሳራ የጎረቤትህ ሕፃን በጉበቱ ሊከፍልልህ አይገባም። ሌሎቻችን ደግሞ በተቻለ መጠን ዱቄት ሳይሆን እህል ገዝተን፣ ለቅመን፣ ቆመን እናስፈጭ።

ባሕር ማዶ ላላችሁ ዘመዶቻችን ሁለት ቃል። ቪዲዮ ከመላካችሁ በፊት እስከ መጨረሻው እዩት፣ ቀኑንና ቦታውን አጣሩ። የምትችሉ ደግሞ በወሩ ከምትልኩት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ለሸራና ለእንጨት ርብራብ የምትሆን ጨምሩ። አንድ ሸራ ለአምስት ቤት ይሆናል፤ ዓመት ያገለግላል። አገር ቤት ያላችሁ፣ በርበሬና ሽሮ ስትልኩልን እጃችሁ ይባረክ። በርበሬውን ግን ውሃ እየረጫችሁ አታለስልሱት፣ ሙቀቱ ሳይወጣም በላስቲክ አትዝጉት። ከኢትዮጵያ የሚሄድ በርበሬና ቅመም አውሮፓ ድንበር ላይ ለአፍላቶክሲን ተለይቶ የሚመረመር መሆኑን እወቁ። እኛ ድንበር ላይ የሚመረምርልን የለም፤ መርማሪዎቻችን እናንተ ናችሁ።

አርሶ አደር ዘመድ ያላችሁም ንገሯቸው። አየር የማያስገቡ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢቶች አሉ፤ እህሉ ደርቆ ከገባባቸው ነቀዝ ውስጣቸው አይኖርም። ኬንያ ውስጥ ደግሞ አፍላሴፍ የሚባል ነገር ማሳ ላይ ይበተናል። መርዝ የማያመርተውን የፈንገሱን ዘመድ ቀድሞ አስገብቶ መርዛሙን ቦታ ማሳጣት ነው ሥራው። ሰው አስቦበት ብዙ መንገድ ተገኝቷል። ችግሩ መንገዱ እኛ ጋ ሳይደርስ ማለቁ ነው።

የኮሚኒቲው ስብሰባ ሲጠራ የሻገተ እህል ያላችሁ አንድ እፍኝ በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ የገዛችሁበትን ወይም የታደላችሁበትን ቀን ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ። ጩኸት ይረሳል፣ ቀን የተጻፈበት እፍኝ እህል ግን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። እኔ የጨው ጠርሙሱን ይዤ እመጣለሁ። የማይስማማ ሰውም ይምጣ፣ እንከራከር። አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤት አሳልፉት።

ቸር ያሰንብተን።